ዓይን ተጨፍኖ የሚታየው ቀለም

በዚህ ሳምንት ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዱን መርጠን ይዘን ቀርበናል። ደብዳቤው ረዘም ያለ በመሆኑ አሳጥረነዋል፤ የጸሐፊዋን ማንነት የሚጠቁሙ ነገሮችንም አውጥተናል። ጉዳዩ የአንድ ቤት ችግር ይምሰል እንጂ፣ ደብዳቤው ሲነበብ «ይሄ ነገር እኔም ዘንድ አለ» ያላለ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረባ አልነበረም። እናንተም አንብባችሁ ስትጨርሱ እንደዚያው ሳትሉ አትቀሩም። በቅድሚያ ደብዳቤው እነሆ፦

«ለዝግጅት ክፍሉ፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የ28 ዓመት ሴት ነኝ። በአንድ የንግድ ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኝነት እተዳደራለሁ። ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገር ለእናንተ ልጽፍ ስነሳ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።

«ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይኔን ስጨፍን ቀለም አያለሁ። ጋቢ ተከናንቤ ስተኛ መጀመሪያ አመድማ ጭጋግ ይመጣል፤ ቀጥሎ ሐምራዊና አረንጓዴ ደመና ቀስ እያለ ያልፋል፤ አንዳንዴ ደሞ እንደ ወንፊት፣ እንደ ሰፌድ ስፌት ያለ ነገር ይዞራል። ትንሽ ልጅ ሳለሁ እንደ ጨዋታ ነበር የማየው። አንድ ቀን ለአያቴ ብነግራት ግን ደነገጠችና ‹ዝም በይ! ሁለተኛ ይህን ነገር ለሰው እንዳታወሪ› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ይኸው ሃያ ዓመት ዝም ብያለሁ። በተለይ ዓይኔን ጨፍኜ ስጸልይ ይመጣብኛል። ‹ምን ኃጢአት ቢኖርብኝ ነው?› እያልኩ ጸሎቴን አቋርጬ የተነሳሁበት ቀን ብዙ ነው።

«ይህን ሁሉ ችዬ ኖሬ፣ አሁን የመጣው ግን ከአቅሜ በላይ ሆነ። እናቴ 69 ዓመቷ ነው። ግላኮማ ከያዛት አምስት ዓመት አልፏል፤ አንደኛው ዓይኗ ጨርሶ ጠፍቷል ማለት ይቻላል፤ ሌላውም ደክሟል። የዛሬ ሦስት ወር ገደማ ማታ ቁጭ ብለን ሳለ ‹ይሄን ግድግዳ ማነው ጥለት በጥለት ያደረገው?› አለችኝ። ግድግዳው ባዶ ነው። በሌላ ቀን ደሞ ‹ነጠላ የለበሱ ትንንሽ ሰዎች በበሩ በኩል አለፉ። እንደሌሉ አውቃለሁ፤ ግን ሲያምሩ!› ብላ ሳቀች። ጎረቤቶች ለቡና ተሰብስበው ሳለ ይህንኑ ስትናገር ሰሟት። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ‹ሴትዮዋ ለየላቸው› ማለት ጀመረ።

«ታላቅ ወንድሜ ‹ይሄ የሰይጣን ሥራ ነው› ብሎ ጸበል ወሰዳት። እኔም በጸበል አምናለሁ። የከፋኝ ‹እምነት ካለ መድኃኒት ምን ያደርጋል› ብሎ የዓይን ጠብታዋን ማስቆሙ ነው። ጠብታዋን ካቆመች ሁለት ሳምንት ሆናት። እናቴም ከዚያ ወዲህ ‹ምንም አላይም› ትላለች፤ ግን ዓይኗ አንድ ነገር ሲከተል አየዋለሁ።

«እጮኛ አለኝ። ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ ነው። ቤተሰቦቹ ወሬው ደርሷቸው ‹በዘራቸው እብደት አለ እንዴ?› ብለው አስጠይቀዋል። እኔስ? እኔም አያለሁ እኮ! ከእናቴ ወርሼው ነው? ለእጮኛዬ ልንገረው ወይስ እንደለመድኩት ዝም ልበል? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ»

ከሁሉ በፊት ጠብታው!

እህታችን፣ ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት የሚቸኩለውን እናስቀድም። ይህን ጋዜጣ እዚህ ላይ አቁሚና የእናትሽን የዓይን ጠብታ ፈልጊ። ሐኪማቸው ባዘዘው መሠረት ዛሬ ማታውኑ ይጀምሩ። ጠርሙሱ ከተከፈተ ወር ያለፈው ከሆነ አዲስ ይገዛ። በዚህ ሳምንት ውስጥም ወደ ዓይን ሐኪማቸው ይዘሻቸው ሂጂ፤ ሁለት ሳምንት መቋረጡንም ሳትደብቂ ንገሪ። ግላኮማ የሚወስደው ብርሃን ተመልሶ አይመጣም። ጠብታው የሚጠብቀው የቀረውን ነው። እናትሽ ደግሞ የቀራቸው አንድ ዓይን ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ እንምጣ። አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ አንቺ አላበድሽም፤ ዓይንሽን ጨፍነሽ የምታዪው ነገር ጤነኛ ሰው የሚያየው ነው። እናትሽም በጻፍሽልን መሠረት ያበዱ አይመስሉም። የሁለታችሁ ነገር አንድ ዓይነት ይምሰል እንጂ አንድ አይደለም። «ወርሼው ይሆን?» ላልሽው ግን የምንልሽ ነገር አለን፤ አንቺ በፈራሽው በኩል አይደለም እንጂ። መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

ጨለማ ጥቁር አይደለም

እስቲ ሁላችሁም አንባቢዎቻችን ዛሬ ማታ መብራት ስታጠፉ ይህን ሞክሩ። ስልካችሁን አርቁ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ሳትቸኩሉ ሁለት ሦስት ደቂቃ ፊታችሁ ያለውን ጨለማ ተመልከቱት። በመጀመሪያ ቀን ያያችሁት አምፖል ወይም መስኮት ቀለሙን ለውጦ ይታያችሁ ይሆናል። እሱ ሲጠፋ የሚቀረው ጨለማ ግን እንደ ከሰል የጠቆረ አይደለም። አመድማ ነው። በውስጡም አሸዋ የሚመስሉ ጥቃቅን ነጥቦች ይርመሰመሳሉ። ጀርመኖች ለዚህ ቀለም ስም አውጥተውለታል፤ «አይገንግራው» ይሉታል፣ «የራስ ግራጫ» እንደማለት ነው። ከውጭ ያልመጣ፣ ከራሳችን የሆነ ግራጫ!

ከየት መጣ? በዓይናችን የኋላ ግድግዳ ላይ ሬቲና የሚባል ስስ ሽፋን አለ። በእያንዳንዱ ዓይን ሬቲና ላይ በጨለማ ለማየት የሚረዱን ወደ 120 ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቃቅን ሕዋሳት ተደርድረዋል። ብርሃን የሚይዘው ኬሚካላቸው የሚሠራው ከቪታሚን ኤ ነው፤ ቪታሚኑ ሲጎድል ዳፍንት የሚይዘን ለዚህ ነው። ታዲያ እነዚህ ሕዋሳት ብርሃን ባይነካቸውም በሰውነታችን ሙቀት ብቻ አልፎ አልፎ «ብርሃን መጣ!» ብለው በስህተት ይልካሉ። ከነሱ ቀጥሎ ያሉት ነርቮችም እንዲሁ ጨርሰው ዝም አይሉም። ጣቢያ ያልያዘ ሬድዮ ሲከፈት «ሽሽሽ…» እንደሚለው ማለት ነው። ጣቢያው ባይኖርም ሬድዮው በርቷል። ዓይናችንም ከተጨፈነ በኋላ እንደበራ ያድራል።

ታዲያ ሁሉም ሰው ለምን አያወራውም? ብዙው ሰው ደክሞ ስለሚተኛ ልብ አይለውም። ልብ ያለው ደግሞ እንዳንቺ «ዝም በይ» ተብሎ አድጓል። እንደ ሰዉ ይለያያል፤ አንዱ ጭጋግ ብቻ ያያል፣ ሌላው ደማቅ ቀለም ያያል፣ «እኔ ጨለማ ብቻ ነው» የሚልም አለ። ሁሉም ጤና ነው።

የጥንት ሰዎችም አይተውታል

ዓይኑን ያሸ ሁሉ የሚያውቀው ሌላ ዓይነት ደግሞ አለ። ዓይን ሲታሽ ወይም ሲመታ ብልጭታ ይታያል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ግሪካዊው አልክሜዮን ዓይን ሲመታ እሳት እንደሚታይ አስተውሎ፣ «በዓይን ውስጥ እሳት አለ» የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። እሳት የለም። ሬቲና ግን ሲገፋም፣ ሲጫኑትም፣ በኤሌክትሪክ ሲነካም የሚመልሰው መልስ አንድ ነው፤ «ብርሃን!» ይላል። ሌላ ቃል አያውቅም።

ታላቁ አይዛክ ኒውተን በ1660ዎቹ (እ.ኤ.አ) በወጣትነቱ ያደረገውን ብትሰሙ ትደነግጣላችሁ። ወስፌ የመሰለ ነገር ከዓይኑ ጎን ከአጥንቱ ጋር አስጠግቶ አስገባና ኳሱን ከኋላ ተጫነው። ነጭ፣ ጥቁርና ባለቀለም ክቦች እንዳየም በማስታወሻው ጽፏል። እባካችሁ ይህን ማንም እንዳይሞክር! ኒውተን ዓይኑ የተረፈው በዕድል ነው። ዓይንን አዘውትሮ ማሸትም ልማድ መሆን የለበትም፤ የዓይንን የፊት መስታወት ያጣምማል፣ ግላኮማ ላለበት ሰው ደግሞ በጭራሽ አይመከርም።

በነገሩ ላይ በደንብ የሠራበት ግን ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምትባለው አገር የተወለደው ያን ፑርኪንዬ ነው። እ.ኤ.አ በ1819 ባሳተመው ጽሑፉ በራሱ ዓይን ያየውን ቀለምና ቅርጽ ሁሉ እየሳለ መዘገበ። አንዱ ሙከራው ቀላል ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ወደ ፀሐይ ያዞርና ጣቶቹን ከፍቶ በፊቱ ላይ ቶሎ ቶሎ ያመላልሳል። በዚህ ጊዜ እንደ ዳማ መጫወቻ ያሉ አራት ማዕዘኖች ይታዩታል። ዛፍ በተተከለበት መንገድ በታክሲ ወይም በአውቶቡስ ስትሄዱ፣ ፀሐይ በዛፎቹ መሐል ብልጭ ድርግም ስትል ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ይህንኑ ያያችሁ ትኖራላችሁ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ግን ከእንዲህ ያለው ብልጭታ ይራቅ፤ ሕመሙን ሊቀሰቅስበት ይችላል።

ወንፊቱና ሰፌዱ ከየት መጡ?

ጭጋጉና ነጥቡ ከዓይን ነው አልን። አንቺ ያየሽው ወንፊትና የሰፌድ ስፌትስ? እዚህ ላይ ነገሩ ከዓይን አልፎ አንጎል ውስጥ ይገባል።

በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ) ሃይንሪሽ ክሉቨር የተባለ ጀርመን ተወላጅ ተመራማሪ አሜሪካ ውስጥ ሰዎች በዕፅ ኃይል የሚታያቸውን ቅርጽ መሰብሰብ ጀመረ። ከቁልቋል ዘመድ ከሆነ ተክል የሚገኘውን ሜስካሊን የተባለ አደንዛዥ ዕፅ የወሰዱ ሰዎች የተናገሩትን ሲያነጻጽር ያገኘው ነገር አስገረመው። የሰዎቹ ወሬ ስፍር ቁጥር የለው፣ ቅርጾቹ ግን ከአራት አያልፉም! አንደኛው መረብ ነው፤ ወንፊት፣ የማር እንጀራ፣ የዳማ ገበታ የመሳሰለው። ሁለተኛው የሸረሪት ድር። ሦስተኛው ወደ ውስጥ የሚስብ ዋሻ ወይም ማንቆርቆሪያ። አራተኛው እንደ ቀንድ አውጣ ጀርባ የሚዞር ጥምዝ። ቆይቶ እንደታየው ያለ ምንም ዕፅም እንቅልፍ ሊወስዳቸው ያሉ ሰዎች፣ ማይግሬን የሚነሳባቸው ሰዎች፣ ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን የሚያዩ ሰዎች ያው ከነዚህ አራት አይወጡም።

ለምን አራት ብቻ? የምናየውን ነገር የሚያስተናግደው የአንጎል ክፍል ያለው ከራስ ቅላችን በስተኋላ፣ ከማጅራት ከፍ ብሎ ነው። የኋላ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው «ኮከብ አየሁ» የሚለው ወዶ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1979 ኤርመንትራውትና ካወን የተባሉ ሁለት ምሁራን በሒሳብ ስሌት እንዳሳዩት፣ በዚህ የአንጎል ክፍል ላይ እንደ ፈትል ቀጥ ብሎ የሚሄድ የነርቭ እንቅስቃሴ ከተነሳ፣ ለባለቤቱ የሚታየው ቀጥ ያለ መስመር አይደለም፤ ክብ፣ ጨረር ወይም ጥምዝ ሆኖ ነው። ምክንያቱም ዓይን ከአንጎል ጋር የተገናኘበት አሠራር መሐሉን አስፍቶ ዳሩን አጥብቦ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለችው ልጅም ፕራግ ያለው ምሁርም አንድ ዓይነት ጥለት ቢያዩ አያስገርምም። የሁላችንም አንጎል የተሠራው በአንድ ዓይነት ሽመና ነው።

«ዓይን ሳይኖር ብርሃን ይታያል እንዴ?» የሚል ካለ፣ ለዚህም መልስ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ በ1968 እንግሊዝ አገር ብሪንድሊና ሌዊን የተባሉ ሐኪሞች ብርሃኗን ባጣች የ52 ዓመት ሴት አንጎል ላይ 80 ጥቃቅን የኤሌክትሪክ መንኪያዎች አስቀመጡ። መንኪያዎቹ በኤሌክትሪክ ሲነኩ ሴትየዋ ፊት ለፊቷ የብርሃን ነጥቦች አየች። ዓይኗ አይሠራም፤ አንጎሏ ግን ብርሃንን አልረሳም። ይህን ነገር ያዙት፤ የእናትየውን ጉዳይ ስናነሳ ያስፈልገናል።

በጸሎት ሰዓት ለምን?

እህታችን፣ ሕሊናሽን የሚቆረቁረው ይሄ ይመስለናል። በጸሎት ሰዓት ሰው ምን ያደርጋል? ጸጥ ያለ ቦታ ይቆማል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ የውጭውን ነገር ይተዋል። ሌላ ጊዜ በሥራና በወሬ ተሸፍኖ የሚውለው የዓይንሽ «ሽሽሽታ» በዚያ ሰዓት ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ ይታይሻል። ይኸው ነው። የኃጢአት ምልክት አይደለም፤ ጸሎትሽንም የሚያስቋርጥ አይደለም። ሲመጣ ይምጣ፣ አንቺ ጸሎትሽን ቀጥይ፤ ስትተዪው ይተውሻል።

እንቅልፍ ሊወስድሽ ሲል ደግሞ ቀለም ብቻ ሳይሆን ፊት፣ መንገድ፣ ተራራ ብልጭ ብሎ ቢጠፋ አትደንግጪ። ያ ሕልም በር ላይ ቆሞ ነው። ፈረንሳዊው አልፍሬድ ሞሪ ይህን እያጠና ስም ያወጣለት እ.ኤ.አ በ1848 ነበር። እ.ኤ.አ በ1969 በአፖሎ 11 ወደ ጨረቃ የሄደው በዝ ኦልድሪንም በጨለማ ውስጥ የብርሃን ብልጭታ ማየቱን ተመልሶ ሲናገር ማንም አልሳቀበትም። በቀጣዮቹ ጉዞዎች ጠፈርተኞች ዓይናቸውን ሸፍነው እንዲመዘግቡ ተደረገና፣ ከሕዋ የሚመጡ ጨረሮች በዓይናቸው ውስጥ ሲያልፉ የሚፈጥሩት እንደሆነ ተደረሰበት። ልብ በሉ፤ ነገሩ የታወቀው ሰውየው ስለተናገረ ነው።

የእናትሽ ጉዳይ

አሁን ወደ እናትሽ እንምጣ። የእሳቸው ከአንቺ የሚለየው፣ የሚያዩት ዓይናቸውን ገልጠው መሆኑ ነው። ለዚህም ስም አለው፤ የቻርልስ ቦኔ ሕመም ይባላል።

ቻርልስ ቦኔ የጄኔቫ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ በ1760 ባሳተመው መጽሐፍ የእናቱን አባት ታሪክ ጻፈ። አያቱ ሻርል ሉላን ዕድሜያቸው ወደ 90 የተጠጋ፣ በዓይን ሞራ ምክንያት ዓይናቸው የደከመ፣ ግን አእምሯቸው የተሟላ ሽማግሌ ነበሩ። እኚህ ሰው ሳይተኙ፣ ሳይታመሙ፣ ወንዶችና ሴቶች፣ ወፎች፣ ሕንፃዎችና በጥለት የተሸፈነ ግድግዳ ይታያቸው ነበር። ምስሎቹ ድምፅ የላቸውም። ሽማግሌውም «እነዚህ የሉም» ብለው ያውቃሉ፤ እንዲያውም ይዝናኑባቸው ነበር። እህታችን፣ እናትሽ «እንደሌሉ አውቃለሁ፤ ግን ሲያምሩ» ያሉት ከ260 ዓመት በፊት የተጻፈውን ቁርጥ ነው! የሚያጌጥ ልብስ የለበሱ ትንንሽ ሰዎች ማየትም በዚህ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚነገር ነገር ነው።

ምክንያቱ ይኸው ነው፦ ዓይን ሲደክም ወደ አንጎል የሚሄደው መልእክት ይቀንሳል። የማያው የአንጎል ክፍል ግን ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይችልም፤ ከውጭ የሚመጣው ሲቀርበት ከራሱ ግምጃ ቤት ያወጣል። እግሩ የተቆረጠ ሰው የሌለው ጣቱ እንደሚያሳክከው ሁሉ፣ ዓይኑ የደከመ ሰውም የሌለ ነገር ያያል። እብደት አይደለም። ዛርም አይደለም። በግላኮማ፣ በዓይን ሞራ፣ በስኳር በሽታ ወይም በእርጅና ዓይናቸው የደከመ ብዙ ሰዎች ላይ ይከሰታል። ችግሩ አረጋውያኑ «አበደ እንባላለን» ብለው ስለሚደብቁት ነው። የእናንተም ቤት የሆነው ያው ነው። አያት ልጅቱን «ዝም በይ» አሉ፤ ሰፈሩ እናቲቱን ዝም አሰኘ።

ይሁን እንጂ ይህን የምንለው ከደብዳቤ ተነስተን ነው። እናትሽን ሐኪም አይቶ ማረጋገጥ አለበት። በተለይ ድምፅ ከሰሙ፣ የሚያዩት እውነት መስሏቸው ከፈሩ ወይም ከተጣሉት፣ ቀንና ቦታ ከጠፋባቸው፣ ሰው መለየት ካቃታቸው፣ ትኩሳት ካላቸው ወይም አዲስ መድኃኒት ከጀመሩ ወዲህ የመጣ ከሆነ፣ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ይወሰዱ።

እስከዚያው ቤት ውስጥ ልታደርጊ የምትችይው አለ። ምስሎቹ የሚበዙት ድንግዝግዝ ሲልና ብቻ ሲቀመጡ ስለሆነ ክፍሉን አብሪላቸው፤ ብቻቸውን አትተያቸው። ምስል ሲመጣባቸው ዓይናቸውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ቶሎ ቶሎ ያንቀሳቅሱ፣ ያርገብግቡ፣ ወይም እጃቸውን ዘርግተው ሊነኩት ይሞክሩ፤ ለብዙዎች ይጠፋላቸዋል። ከሁሉ በላይ ግን «እማዬ፣ ዛሬ ምን አየሽ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ሳትደነግጪ፣ ሳታማትቢ አዳምጫቸው። የነገሩን ምንነት ያወቀ ሰው ፍርሃቱ ይቀንስለታል። ለብዙ ሰዎች ምስሉ ራሱ በጊዜ ብዛት እየቀነሰ ይሄዳል፤ ዓመታት የሚቆይባቸውም አሉ።

ወንድምሽን በተመለከተ፣ አትጣዪው። እናቱን ስለሚወድ ያደረገው ነው። ጸበሉን ተው አትበይው፤ ጠብታውን መልስ በይው። በ1999 ዓ.ም የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበል የሚጠመቁ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸውን አስታውሺው። ካልሰማሽ የንስሐ አባታችሁን ይዘሽ ግቢ።

ይህ ከሆነ ግን አትዘግዩ!

ውድ አንባቢዎቻችን፣ «ዓይን ተጨፍኖ የሚታይ ነገር ጤና ነው» ብለናል ማለት ብልጭታ ሁሉ ጤና ነው ማለት አይደለም። የሚከተሉትን ቆርጣችሁ ብታስቀምጡ አይጎዳችሁም።

1ኛ. በአንድ ዓይን ላይ በድንገት የጀመረ፣ እንደ መብረቅ በዳር በኩል የሚመላለስ ብልጭታ፤ እንደ ትንኝ ወይም እንደ ጥላሸት ያሉ ጥቁር ነጥቦች በድንገት ሲበዙ፤ ወይም ከጎን፣ ከላይ ወይም ከታች እንደ መጋረጃ ያለ ጥላ ሲሸፍን። ይህ ሬቲና ተቀዶ ከቦታው እየተላቀቀ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል። ሕመም የለውም፤ ስለዚህ ሰው ይዘናጋል። በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል። በተለይ ሩቅ ለማየት ወፍራም መነጽር የሚያደርጉ፣ የዓይን ሞራ የተገፈፉ፣ ዓይናቸውን የተመቱ ሰዎች ይጠንቀቁ።

2ኛ. ዓይን ቀልቶ፣ ከባድ ሕመም ኖሮት፣ አምፖል ዙሪያ የቀስተ ደመና ክብ ከታየና ማቅለሽለሽ ካለ። አንደኛው የግላኮማ ዓይነት በድንገት ሲነሳ እንዲህ ያደርጋል፤ ሌሊትም ቢሆን ለነገ አይባልም።

3ኛ. በብርሃን የተሠራ የሚመስል ጥርስ ጥርስ ያለው መስመር እየሰፋ ሄዶ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ የሚጠፋ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የማይግሬን ዋዜማ ነው፤ ራስ ምታቱ ሊከተል ወይም ሊቀር ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጣ፣ ወይም ከእጅና እግር መስነፍ ወይም ከአፍ መተሳሰር ጋር ከሆነ ግን ድንገተኛ ክፍል ነው መሄድ ያለባችሁ።

4ኛ. ከመቀመጫ ብድግ ሲሉ ዓይን መጨለሙና ኮከብ መታየቱ የደም ግፊት ለአፍታ ዝቅ ስለሚል ነው። ከተደጋገመ ወይም ሰውን ከጣለ ግፊትንና የደም ማነስን መታየት ይገባል።

የወረስሽው ምንድን ነው?

ቀጠሮ ወደያዝንበት ጥያቄ ተመለስን። እህታችን፣ ከእናትሽ እብደት አልወረስሽም፤ እሳቸውም የላቸውምና። ግላኮማ ግን በዘር ይተላለፋል። እናቱ፣ አባቱ፣ ወንድሙ ወይም እህቱ ግላኮማ ያለበት ሰው ከሌላው ይልቅ የመያዝ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ እኛ አፍሪካውያን ላይም ይበዛል። አብዛኛው ግላኮማ አያምም፣ አያቀላም፣ አያሳክክም። ከዳር ጀምሮ ቀስ እያለ ይበላል፤ ሰው ሲነቃ ብዙው ሄዷል። ቀደም ብሎ ከተገኘ ግን በጠብታ፣ በጨረር ወይም በቀዶ ሕክምና ሊገታ ይችላል።

እንግዲያው እናትሽን ይዘሽ በምትሄጂበት ቀን ያንቺም ዓይን ይለካ። ከሁሉ ይልቅ ግን ታላቅ ወንድምሽ አብሮሽ ይሂድ። ዕድሜው ወደ 40ዎቹ ከገባ ምርመራው ለእሱ የግድ ነው። ጠብታውን ያስቆመው ሰው ጠብታው ለእሱም ሊያስፈልገው እንደሚችል ሐኪሙ ቢነግረው፣ እኛ ከምንመክረው ይልቅ ይገባዋል።

ለእጮኛሽስ? ንገሪው እንጂ! ሃያ ዓመት የተሸከምሽውን ዝምታ ወደ ትዳርሽ ይዘሽ አትግቢ። አንድ ማታ ቁጭ ባላችሁበት «እስቲ ዓይንህን ጨፍንና የምታየውን ንገረኝ» በይው። ምናልባት እሱም ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያየውና ለማንም ያልተናገረው ነገር ይኖረዋል። ከዚያ ያንቺን ንገሪው፤ የእናትሽን የሕመም ስምም ንገሪው። ቤተሰቦቹ «በዘራቸው ምን አለ?» ብለው ለጠየቁት፣ መልሱን ከጎረቤት ቡና ሳይሆን ከሐኪም አፍ ሰምቶ ያስረዳቸው። ይህን ሰምቶ የሚሸሽ ከሆነ ደግሞ ከሠርጉ በፊት ማወቅሽ ላንቺ ነው የሚበጅሽ።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እናንተ ቤት እስካሁን የጎዳው ቀለሙና ጥለቱ አይደለም፤ ዝምታው ነው። እናትሽ ያዩትን ይናገሩ፣ አንቺም ያየሽውን ተናገሪ፣ ጠብታውም ይቀጥል። ሐኪሙ ያላችሁን ጽፈሽ እንደምታሳውቂን ተስፋ እናደርጋለን።

እናንተም አንባቢዎቻችን፣ ለሰው ለመናገር ያፈራችሁት ጥያቄ ካለ ጻፉልን፤ ስማችሁን አናወጣም። ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ!